በአውስትራሊያ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ እንዴት ይጠየቃል?

ኪራይ ተከፍሎ ለአስቤዛ የሚተርፍ ሲጠፋ ወይም የመብራት ቢል ከደመወዝ ቀን ቀድሞ ሲደርስ፣ በአውስትራሊያ የሚኖር ቤተሰብ የሚጠይቀው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ አለ። ገንዘቡን የሚመድበው የፌዴራል መንግሥቱ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ቢሆንም ለችግረኛው በቀጥታ አይከፍልም፤ እንደ ሳልቬሽን አርሚና እንደ ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ላሉ ድርጅቶች በድጎማ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም በየአካባቢያቸው ለተቸገሩ ሰዎች ያደርሱታል። ስለዚህ የሚኬደው ወደ ድርጅቱ ነው።

በመጀመሪያ ቅርብ ያለውን ድርጅት ይፈልጉ። አስክ ኢዚ በተባለው ድረ ገጽ የሚኖሩበትን አካባቢና የሚፈልጉትን እርዳታ ሲያስገቡ አገልግሎት ሰጪዎቹ ከነስልካቸው ይዘረዘራሉ። ብዙዎቹ በቀጠሮ ስለሚሠሩና አንዳንዶቹም የአካባቢያቸውን ነዋሪ ብቻ ስለሚያስተናግዱ፣ ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ድርጅቱ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርብልዎ ይጠይቁ፤ ብሔራዊው የትርጉም አገልግሎት በ131 450 ቀንና ሌሊት ይሠራል። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው ይዘው አይሂዱ፤ የቤቱን ዕዳና ጭንቀት በራሱ አንደበት እንዲናገር ማድረግ ለልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ለቀጠሮው መታወቂያ፣ የሴንተርሊንክ (የመንግሥት ድጎማ ከፋይ መሥሪያ ቤት) ካርድ ወይም የደመወዝ ወረቀት፣ የቅርብ ጊዜ የባንክ መግለጫ፣ የኪራይ ውልና ያልተከፈለውን ቢል ከነሙሉ ገጹ ይያዙ። እርዳታው ለሴንተርሊንክ ተከፋዮች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ሥራ እያለውም ወጪው ከገቢው የበለጠበት ሰው ሊጠይቅ ይችላል።

ሠራተኛዋ ስለ ገቢና ወጪዎ ስትጠይቅዎ ሁሉንም በግልጽ ይንገሯት፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልግዎ የትኛው እንደሆነም ለይተው ይናገሩ። በአብዛኛው የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ምግብ፣ የመገበያያ ካርድ ወይም ከቢሉ ላይ የተወሰነ ክፍያ ነው። መጠኑን የሚወስነው ድርጅቱ ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እንደገና መቼ መምጣት እንደሚችሉ ጠይቀው ይውጡ።

በእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ሰው የሚዘገየው በመረጃ እጥረት ብቻ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ገመናው እንዳይታወቅበት ከወዳጅ እየተበደረ፣ የአንዱን ብድር በሌላው እየከፈለ ይቆያል፤ ወደ ድርጅቱ የሚመጣው መብራቱ ሊቆረጥ ወይም ከቤት ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ይህ ገንዘብ ግን እንዲህ ላለ ቀን ተብሎ ከሕዝብ ግብር የተመደበ ነው፤ የሚያሳፍር ልመና አይደለም። ቀደም ብሎ የመጣ ሰውም ብዙ አማራጭ ያገኛል።

ከአማራጮቹ አንዱ የመብራት ድርጅቱ ራሱ ነው። የክፍያው ቀን ሳያልፍ ደውለው መክፈል እንዳቃተዎት ይግለጹ፤ የኃይል አቅራቢዎች መክፈል ለተቸገሩ ደንበኞች የድጋፍ አሠራር እንዲኖራቸው ግዴታ አለባቸው። ዕዳው ከአንድ ቢል በላይ ከሆነ በ1800 007 007 ብሔራዊውን የዕዳ ምክር መስመር ያነጋግሩ፤ ምክሩ ያለ ክፍያ ነው፣ አማካሪውም እርስዎን ወክሎ ከአበዳሪ ጋር ሊደራደር ይችላል።

በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት ከቤታቸው የወጡ ሰዎች ደግሞ ከሴንተርሊንክ አንድ ጊዜ የሚከፈል የችግር ጊዜ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። ለዚህ ግን ጉዳዩ በደረሰ በ7 ቀናት ውስጥ ሴንተርሊንክን ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ሰነዱ እስኪሟላ ሳይጠብቁ በቅድሚያ ይደውሉ።