የተጋራ ፕሪንተር በሊኑክስ ላይ አልታይ ሲል፣ ታይቶም አላትም ሲል

ሌላ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፕሪንተር በኔትወርክ ተጋርቶ አልሠራ ሲል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን እንዲያዝ የሚያስችለውን ሶፍትዌር ነው። ድራይቨር እያጠፉ መልሶ መጫን ግን ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው፤ ችግሩ በአብዛኛው ያለው ፕሪንተሩን በማግኘት፣ እርሱ ዘንድ በመድረስ ወይም ፈቃድ በማግኘት ላይ ነውና። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የህትመት ትዕዛዙ የት ላይ እንደቆመ ይለዩ።

ምልክት፦ ፕሪንተሩ በዝርዝሩ ውስጥ የለም

በሊኑክስ ላይ ህትመትን የሚመራው ካፕስ (CUPS) የተባለው ሶፍትዌር ነው። የተጋሩ ፕሪንተሮች መኖራቸው የሚታወቀው ደግሞ አቫሂ (Avahi) በሚባል አገልግሎት አማካይነት፣ በዩዲፒ ፖርት 5353 በሚሰራጭ ማስታወቂያ ነው (ዩዲፒና ቲሲፒ መረጃ በኔትወርክ የሚላክባቸው ሁለት ስልቶች ሲሆኑ፣ ፖርት በቁጥር የሚለይ መግቢያ በር ነው)። ይህ ማስታወቂያ በተለመደው አሠራር ከአንድ ንዑስ ኔትወርክ ወደ ሌላው ስለማይሻገር፣ ፕሪንተሩ በኬብል በተዘረጋው ኔትወርክ ላይ ሆኖ ላፕቶፕዎ ለእንግዶች በተለየው ዋይፋይ ላይ ካለ፣ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ እንኳ አይተያዩም።

በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ፕሪንተሩ ወደተሰካበት ኮምፒውተር ይሂዱ። ያ ኮምፒውተር ሊኑክስ ከሆነ ማጋራት የሚፈቀደው በሁለት ቦታ ነው፦ አንዱ የኮምፒውተሩ አጠቃላይ ማጋሪያ ሲሆን ሌላው የዚያ ፕሪንተር የራሱ ማጋሪያ ነው። አንዱን አብርቶ ሌላውን መርሳት በጣም የተለመደ ነው። በኔትወርክ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠረው ፋየርዎሉም በዩዲፒ 5353ን፣ በቲሲፒ ደግሞ 631ን ማሳለፍ አለበት። ዩዲፒ 631ን ጭምር ክፈቱ የሚለውን የቆየ ምክር አይከተሉ፤ ካፕስ በዚያ መንገድ ማስተዋወቁን በ2012 እ.ኤ.አ. የተወ ሲሆን፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በዚያው ፖርት በኩል ለጥቃት የሚያጋልጥ ከባድ የደህንነት ክፍተት ይፋ ሆኗል።

ይህም ካልረዳ ፕሪንተሩን በአይፒ ቁጥሩ (በኔትወርኩ ላይ ባለው አድራሻ) በእጅዎ ያስገቡት። በቁጥር ሠርቶ በ.local በሚያልቀው ስሙ ካልሠራ፣ መንገዱ ክፍት ነው፤ የጎደለው ስሙን ወደ ቁጥር የሚፈታው አካል ብቻ ነው።

ምልክት፦ ፕሪንተሩ ይታያል፣ ትዕዛዙ ግን ማረጋገጫ እየጠበቀ ወረፋ ላይ ይቀራል

ይህ በዊንዶውስ ኮምፒውተር በኩል በተጋራ ፕሪንተር ላይ የሚያጋጥም ሲሆን፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚያደናግረውም እርሱ ነው። ዊንዶውሱ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ካፕስ ግን ከበስተጀርባ በራሱ ስም የሚሠራ አገልግሎት በመሆኑ የእርስዎን ማንነት አያውቅም። ጥያቄው በመስኮት መልክ ሊወጣልዎ ይገባል፤ ሳይወጣ ሲቀር ግን ትዕዛዙ ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ቆሞ ይቀራል። የፕሪንተሩን ወረፋ ከፍተው ማረጋገጫውን ከዚያ ይስጡ።

የሚሰጡት ስም የሊኑክሱ ሳይሆን በዊንዶውሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው የተጠቃሚ ስም ነው። ያ ተጠቃሚ በማይክሮሶፍት አካውንት የሚገባ ከሆነ የሚያስፈልገው የአካውንቱ የይለፍ ቃል ነው፤ ኮምፒውተሩን ለመክፈት የሚጠቀምበት አጭር የፒን ቁጥር በኔትወርክ በኩል አይሠራም። የይለፍ ቃሉን በፕሪንተሩ አድራሻ ውስጥ አብረው ቢጽፉት ጥያቄው ይቀርልዎታል፤ ነገር ግን በካፕስ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ሳይመሰጠር ስለሚቀመጥ፣ ለህትመት ብቻ የሚያገለግል የተገደበ አካውንት ቢከፍቱ ይሻላል።

የዊንዶውስ ፕሪንተር የሚለው ምርጫ ጭራሹኑ ካልቀረበልዎ ሊኑክስ ዊንዶውስ ያጋራውን እንዲጠቀም የሚያስችለው የሳምባ (Samba) ክላየንት አልተጫነም ማለት ነው። የፕሪንተሩ የማጋሪያ ስም ክፍት ቦታ ካለው ደግሞ በአድራሻው ውስጥ በፐርሰንት ምልክትና በ20 ይተካል፤ ስሙን አንድ ቃል ማድረግ ግን ከዚህ ይቀላል። ያጋራው መሣሪያ በጣም አሮጌ ከሆነ፣ ሳምባ ከ2019 እ.ኤ.አ. እትሙ 4.11 ጀምሮ የኤስኤምቢን (ዊንዶውስ ፋይልና ፕሪንተር የሚያጋራበትን የግንኙነት ፕሮቶኮል) የመጀመሪያ ስሪት በነባሪነት ስለዘጋው ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። መልሶ መክፈት ቢቻልም አልመክርም።

ምልክት፦ ሲሠራ ቆይቶ ቆመ

የፕሪንተሩ ወይም የአጋሪው ኮምፒውተር አይፒ ቁጥር ተቀይሮ ይሆናል፤ ራውተሩ ላይ ቋሚ ቁጥር ያስይዙለት። አለዚያም ካፕስ ከአንድ ያልተሳካ ህትመት በኋላ ወረፋውን በራሱ አቁሞት ይሆናል። መሣሪያው ቢበራም ወረፋው እስኪያስቀጥሉት ድረስ እንደቆመ ይቆያል።

ምልክት፦ ወረቀቱ በማይነበቡ ፊደላት ተሞልቶ ይወጣል

ድራይቨሩን መጠርጠር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወረቀት እንዳያልቅብዎ መጀመሪያ ትዕዛዙን ይሰርዙ። ፕሪንተሩን ያጋራው ሊኑክስ ከሆነ ሰነዱን ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ የሚለውጠው ያ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ በእርስዎ በኩል ያለ ድራይቨር የሚሠራውን ምርጫ ይያዙ፤ በሁለቱም በኩል ከተለወጠ ውጤቱ ይበላሻል። ያጋራው ዊንዶውስ ከሆነ ግን ሥራው በተለመደው አሠራር የእርስዎ ነውና ትክክለኛውን ሞዴል ይምረጡ።

ምንም ሳይታተም ፊልተሩ (ሰነዱን ለህትመት የሚለውጠው ረዳት ፕሮግራም) አልተሳካም የሚል መልእክት ከመጣ፣ በካፕስ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ የስሕተት መዝገቡን ይክፈቱ፤ የጎደለው ረዳት ፕሮግራም ስም ብዙውን ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡ በቂ ካልሆነ ዝርዝር ምዝገባን አብርተው አንድ ገጽ ያትሙ፤ ፋይሉ በፍጥነት ስለሚያብጥ ወዲያውኑ መልሰው ያጥፉት።