ድመቷን ዓርብ ማታ አምጧት

ሐዋሳ ውስጥ ብቻችሁን እየኖራችሁ ቀኑን ሙሉ ሥራ የምትውሉ ከሆነና ከመንገድ ድመት ለማንሳት ካሰባችሁ፣ ዓርብ ማታ ይሁን። ቅዳሜና እሑድን አብራችሁ ትውላላችሁ። አልጋ ሥር ብትደበቅ አትጎትቷት፣ በራሷ ጊዜ ትወጣለች። ግን ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ ድመት ሳትበላ ስትቆይ ጉበቷ ይጎዳል።

«ቀን ብቻዋን ምን ይውጣታል?» ለሚለው ብዙም አትጨነቁ። አብዛኛውን ቀን ተኝታ ነው የምታሳልፈው፤ የምትነቃቃው ንጋትና አመሻሽ ላይ ነው። ይህ ግን ላደገች ድመት ነው፤ ግልገል ከሆነች በቀን ደጋግማ መብላት ስላለባት ለእናንተ አትሆንም።

ዋናው ጣጣ ምግቡ ነው። የወጥ ትራፊ በፍጹም አትስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት መቼ ይሠራል! ወተትም ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፣ ውኃ ይበቃታል። ከአሞራ ገደል ዓሣ ስትገዙ ያለ ጨው ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን ለቅማችሁ ስጧት እንጂ ጥሬውን አታስለምዷት፤ ሲዘወተር ቫይታሚን ቢ1 ሊያሳጣት ይችላል።

ለመጸዳጃ ሳፋ ላይ አሸዋ ይበቃል፣ ከምግቧ ራቅ አድርጉት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳታስከትቡ አትቆዩ፣ በሽታው ድመትንም ይይዛል። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ።