ኢዮሲኖፊል ሲበዛ፦ መጀመሪያ ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ይፈለግ

የሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ውጤት መጥቶ «ኢዮሲኖፊል ከፍ ብሏል» ሲባል ብዙ ሰው ቁጥሩን የሚያወርድ መድኃኒት ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ። ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ነው። መቅኒ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታዘዝ ምርት አያበዛም። ታዲያ ማን አዘዘው?

ነገሩ የሚጀምረው ከመቅኒ ርቆ ነው። ትል ወይም አለርጂ የሳንባን፣ የአንጀትን ወይም የቆዳን ሽፋን ሲነካ፣ ሽፋኑ ኢንተርሉኪን 33ን የመሰሉ የማንቂያ ምልክቶች ይለቃል። በአካባቢው ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ይህን ተቀብለው ኢንተርሉኪን 5 የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ያመርታሉ። እሱ በደም ተጉዞ መቅኒ ሲደርስ ምርቱ ይጨምራል። አንድ ኢዮሲኖፊል መቅኒ ውስጥ ለመብሰል ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ደም ውስጥ የሚቆየው ግን ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጥም፤ ወዲያው ወደ አካላት ይገባል። ስለዚህ ላብራቶሪ የሚቆጥረው መንገድ ላይ ያሉትን ብቻ ነው።

ፐርሰንቱ ከፍ ብሏል

መጀመሪያ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያለውን ብዛት ያስሉ። ጠቅላላ ነጭ የደም ሕዋስ 4,000 ሆኖ ኢዮሲኖፊል 8 በመቶ ከሆነ 320 ነው፤ ከ500 በታች ስለሆነ አያሳስብም። ያው 8 በመቶ ከ12,000 ላይ ሲሆን ግን 960 ይመጣል። ከ1,500 በላይ ሆኖ ምርመራው ሲደገምም ካልወረደ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ብዛቱ ከፍ ብሏል፣ ሰገራ ላይ የተገኘው አሜባ ወይም ጃርዲያ ነው

እኛ አገር በጣም የሚያሳስተው ይሄ ነው። አሜባና ጃርዲያ አብዛኛውን ጊዜ ኢዮሲኖፊልን ከፍ አያደርጉም። ትእዛዙን የሚያስልከው ሥጋ ሰርስሮ የሚጓዝ ትል ነው፦ የመንጠቆ ትል፣ ቢልሃርዝያ፣ ስትሮንጂሎይድስ፣ እንዲሁም በሳንባ የሚያልፍ የወስፋት እጭ። ወስፋት በሳንባ ሲያልፍ ሳልና ሲርሲርታ ያመጣል፣ ኢዮሲኖፊልም ይጨምራል። እንቁላሉ ሰገራ ላይ የሚታየው ግን ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሰገራው ንጹህ ነው» ማለት ትል የለም ማለት አይደለም።

ስትሮንጂሎይድስ ደግሞ እዚያው ሰው ውስጥ ራሱን እየተካ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ከአገር ከወጣ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ላይም ሊገኝ ይችላል። እዚያ ያለው ሐኪም ላያስበው ስለሚችል የት እንዳደጉ ሳይጠየቁ ይንገሩት። የአንድ ቀን ሰገራ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ በተለያየ ቀን ይደገም፣ የደም ምርመራ ካለም ይታከልበት። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል አልቤንዳዞል፣ ለቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል ይሰጣል።

ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ) ሲወሰድ ቁጥሩ ወረደ

ይሄ መፍትሄ ሊመስል ይችላል፤ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስቴሮይድ ኢንተርሉኪን 5 እንዳይመረት ያግዳል፣ ያሉትም ኢዮሲኖፊሎች ቶሎ እንዲሞቱ ያደርጋል። ቁጥሩ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ትሉ ግን እዚያው አለ። ስትሮንጂሎይድስ ከሆነ ያለገደብ ተባዝቶ መላ ሰውነትን ሊወር፣ ሊገድልም ይችላል። እባካችሁ፣ ስቴሮይድ በራስ ፈቃድ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ። ሐኪም ሲያዝላችሁም «የትል ነገር ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የፊት እብጠት

ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት የተጀመረ መድኃኒት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ በተለይ አሎፑሪኖል፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን ወይም ሰልፋ። እንዲህ ያለው የመድኃኒት አለርጂ ጉበትና ኩላሊትን ስለሚጎዳ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። መድኃኒቱንም ይዘው ይሂዱ።

ትል የለም፣ አስሙ ግን አልበረደም

እዚህ ትእዛዙን የሚልከው አለርጂው ራሱ ሊሆን ይችላል። የሕክምናው መሠረት በየቀኑ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ለከባዱ አስም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈቀደችው ሜፖሊዙማብ ኢንተርሉኪን 5ን መንገድ ላይ ይይዛል። ቤንራሊዙማብ ደግሞ ሕዋሱ ላይ ያለውን መቀበያ ይዘጋል። ሁለቱም ውድ ናቸው።

ላኪ የለም፣ ምርቱ ግን አልቆመም

አንዳንዴ ችግሩ መቅኒው ውስጥ ነው። ሁለት ጂኖች ተቆርጠው ይጣበቁና ሕዋሱ ሳይታዘዝ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታወቀው ፊፕ1ኤል1-ፒዲጂኤፍአርኤ የሚባለው ውሕደት እንዲህ ነው፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ወንዶች ናቸው። ለኢማቲኒብ ክኒን ግን በዝቅተኛ መጠንም ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። በዚህ ሁኔታ ኢዮሲኖፊል ልብ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ስለሚተው፣ ምንም ሕመም ባይሰማም የልብ አልትራሳውንድ መታየት አለበት።