ገንዳ ከመብሳታችሁ በፊት መስታወቱን እወቁት

የአሳ ገንዳ መስታወት መብሳት ያስፈራል። እኔም የመጀመሪያ ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር። መብሳቱ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። ገንዳ የሚሰበረው ወይ የማይበሳ መስታወት ስትበሱ ነው፣ ወይ ሊያልቅ ሲል ስትቸኩሉ።

ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት በፍጹም አይበሳም፤ ፑንታው ጫር ሲያደርገው ሙሉው በአንዴ ፍርክስክስ ይላል። በፋብሪካ የተሰሩ ገንዳዎች ብዙ ጊዜ ታችኛው ቴምፐርድ ሆኖ ጎናቸው ተራ መስታወት ነው። ለመለየት የላፕቶፕ ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ከመስታወቱ ጀርባ አቁሙ፣ ፖላራይዝድ የጸሐይ መነጽር ያዙና ስክሪኑ እስኪጠቁር ድረስ አዟዙሩት፤ በመስታወቱ ላይ መስመር ወይም ነጠብጣብ ነገር ከታያችሁ ቴምፐርድ ነው፣ ተዉት። እኔ "ይሄማ ተራ ነው" ብዬ ሳላይ ጀምሬ መሬት ላይ የቀረልኝ አንድ አካፋ ስብርባሪ ነው።

ቀዳዳው ላይ ገብቶ ቱቦ የሚያያዝበትን መጋጠሚያ ቀድማችሁ ግዙ። ሮቶ ላይ እንደሚገባው ዓይነት ነው፣ ጎማና ዳዶ ያለው። ባለ 1 ኢንች ስለተባለ 1 ኢንች እንዳትበሱ፤ ጥርሱን በውጭ በኩል ለኩና በዚያ ልክ ክብ የዳይመንድ ፑንታ ፈልጉ። ቀዳዳው ከመስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል ይራቅ። 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ 45 ሚሊ ሜትር ቦታ ተዉለት ማለት ነው፣ ከዚያም ቢበልጥ ጥሩ።

ባዶውን ገንዳ የሚበሳው ጎን ወደ ላይ እንዲሆን ፎጣ ላይ አስተኙት። በውስጥ በኩል ስኮች ለጥፉ፣ ተቆርጦ የሚወጣው ክብ ወድቆ ሌላውን መስታወት እንዳይመታው። ክብ ፑንታ መሃሉ ላይ ጫፍ ስለሌለው መጀመሪያ ላይ ይንሸራተታል፤ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ በዚያው ፑንታ ብሱና በስኮች አጥብቃችሁ እንደ መምሪያ ተጠቀሙበት። ፑንታው ቦታውን ከያዘ በኋላ ኮምፔንሳቶውን አንሱት። ከዚያ ዙሪያውን የልጆች ፕላስቲን አድርጋችሁ ትንሽ ኩሬ ስሩና ውሃ ሙሉበት።

ድሪሉ የባትሪ ይሁን። ውሃና የግድግዳ ኮረንቲ አይዋደዱም። ግድግዳ የሚመታበት ሀመር መጥፋቱንም አረጋግጡ፣ መነጽርም አድርጉ። ዝግ ባለ ፍጥነት፣ ሳትጫኑ፣ የድሪሉ ክብደት ብቻ ይስራ። ውሃው እንደ ወተት ከነጣ ጥሩ እየሄደ ነው። ደረቅ ዱቄት ካያችሁ አቁሙ፤ ብናኙ ለሳንባም ጥሩ አይደለም። አልፎ አልፎ ፑንታውን አንስታችሁ ውሃውን ቀይሩ። እጅ ሲደክም መጫን ይመጣል፣ ስለዚህ እረፉ፣ ቡና ጠጡ። ድምጹ ሲቀየር ሊያልፍ ነው ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ጭራሽ ድሪሉን ወደ ላይ ያዝ አድርጉት፣ ካልሆነ የታችኛው ጠርዝ ይሸረፋል።

ጎማው ከመጋጠሚያው ጆሮ (ሰፋ ካለው ጠርዙ) ጋር፣ ውሃ ባለበት በኩል ይሁን። ዳዶውን በእጅ አጥብቁና ትንሽ ብቻ ጨምሩ። ጎማው ላይ ሲልከን አትቀቡ። ገንዳውን ከስር ጋዜጣ አንጥፋችሁ ውሃ ሙሉትና 24 ሰዓት ተዉት። ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ ፓምፑን ግጠሙ።