«ሳቂ» ሳይሉ ልጅን ፎቶግራፍ ማንሳት

ባለፈው እንቁጣጣሽ ጠዋት የአምስት ዓመቷን የእህቴን ልጅ አዲስ ቀሚሷን አልብሰን በሩ ላይ አቆምናት። እናቷም፣ አያቷም፣ እኔም በአንድ ድምፅ «ሳቂ!» አልናት። ጥርሷን አሳየችን፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ትከሻዋ ተሰቅሎ፣ እጇ ከጎኗ ተጣብቆ ቀረ። ስልኬን ዝቅ አደረግሁና አንድ አደይ አበባ ሰጥቻት «ይህቺ አበባ ስንት ቢጫ ቅጠል አላት? ቁጠሪልኝ» አልኳት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ በጣቷ ጫፍ እየነካች ጀመረች። ስድስት ላይ ስትደርስ ተምታታባትና እንደገና ከአንድ ተነሣች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፤ አንዲት የሹሩባዋ ጫፍ ጉንጯ ላይ ወርዳለች። ከዚያ ቀና ብላ «ስምንት!» አለችኝ። የፈለግነው ፊት ያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጅ ሳነሣ ፊቱን እንዲያስተካክል አዝዤ አላውቅም። ሥራ እሰጠዋለሁ፤ እጠብቃለሁ። የምከተለው አካሄድ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ብርሃኑን ይፈልጉ

ልጁን ከመጥራትዎ በፊት ቦታውን ይምረጡ፤ የሕፃን ትዕግሥት በዝግጅት ማለቅ የለበትም። በመስከረም መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት ማለት ይቻላል። በዚያ ሰዓት በገላጣ ቦታ የተነሣ ፊት ከቅንድቡ ሥር ጥቁር ጥላ ይጠራቀምበታል፤ ልጁም ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ ይሻላል። ሰማዩ ከደመነ ግን ደስ ይበልዎት፤ ደመናው ብርሃኑን አለስልሶ በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ቀኑን ሙሉ ማንሳት ይችላሉ። በጠራራ ቀን ከቤት መውጣት ካለብዎት የበረንዳ ወይም የዛፍ ጥላ ይፈልጉ።

ቤት ውስጥ ከሆኑ አምፖሉን ያጥፉ፤ የአምፖሉ ቢጫነት ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲደባለቅ የፊት ቀለም ይበላሻል። ልጁ ከመስኮቱ ወይም ከተከፈተው በር አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጎኑን ለብርሃኑ ሰጥቶ ይቀመጥ። የፊቱ ሌላኛው ወገን በጣም ከጨለመ በዚያ በኩል ወንበር አቅርበው ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ይዘርጉበት። ብርሃኑ ከጨርቁ ተመልሶ ጉንጩን ያበራዋል። ፍላሹን ይርሱት።

የሐበሻ ልብስ ላይ ብዙዎች ይቸገራሉ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብሩህነት ለማምጣት ይሞክራል። ነጭ ልብስና ነጭ ግድግዳ ስዕሉን ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ አብሮ የሚጨልመው የልጁ ፊት ነው። በስልክ ሲያነሱ ፊቱን ስክሪኑ ላይ ይንኩት። በብዙ ስልኮች ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይወጣል፤ እሱን ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። የጠይም ቆዳ ወዝና ሙቀት እስኪታይ ድረስ ያብሩት፤ የቀሚሱ ጥለት መጥፋት ሲጀምር ይቁሙ።

ዝቅ ይበሉ

ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይወልውሉ። ከዚያ ዓይንዎ ከልጁ ዓይን ጋር እስኪተካከል ይንበርከኩ። ቆመው ካነሱት ልጁ ግንባር ብቻ ይሆናል። ስልኩን ፊቱ ድረስ አያስጠጉ፤ በቅርብ ሲነሣ አፍንጫው ይተልቃል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብለው፣ ስልክዎ ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ (2x) ሌንስ ካለው እሱን ይጠቀሙ። ከጀርባው ጀሪካን፣ የተሰጣ ልብስ ወይም ከራሱ ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት እንጨት አለመኖሩን ይመልከቱ። ጀርባውን የሚያደበዝዘው የስልክ ዘዴ የጎፈረ ፀጉርን ጠርዝና የሹሩባን ጫፍ ስለሚበላ እኔ አልወደውም። ልጁን ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሜትር ማራቅ ይበልጣል።

ሥራ ይስጡት

ገና መቀመጥ የጀመረ ሕፃን ጠግቦና ተኝቶ ሲነቃ፣ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ፎቶ ይነሣ። የሦስት ዓመት ልጅ የባቄላ እሸት ሲፈለፍል ሌላውን ዓለም ሁሉ ይረሳል። የሰባት ዓመቱን «ብይ እንዴት ነው የሚመታው? አሳየኝ» ይበሉት፤ አስተማሪ ሲሆን ትከሻው በራሱ ይወርዳል። ዓይን አፋር ከሆነ ስልኩን አስቀድመው ለእሱ ይስጡትና እርስዎን ያንሳዎት። አሥር ዓመት ያለፋቸው ደግሞ እንደ ሕፃን መታየት አይወዱም፤ ልብሱንም ቦታውንም ራሳቸው ይምረጡ።

አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶችን ለማንሳት ከፈለጉ ጭፈራው እስኪያልቅ ይታገሡ። ጥግ ይዘው ያገኙትን ብር ሲካፈሉ ይዩዋቸው። አንዷ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ አንገቷን አስግጋ ትቆጣጠራለች፣ ትንሿ ለምለም ሣሯን እንደያዘች ድርሻዋን ትጠብቃለች። ከዚያ የበለጠ ፊት የት ይገኛል?

በዙሪያው ያሉ አዋቂዎች ዝም እንዲሉ በትሕትና ይለምኑ። ሦስት ሰው በሦስት አቅጣጫ ሲጠራው ልጁ ማንን ይይ?

ሲነሣ

በካሜራ የሚያነሱ ከሆነ ለተቀመጠ ልጅ የሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነቱ ከ1/250 ሰከንድ፣ ለሚሮጥ ከ1/500 አይነስ። ትኩረቱ ለእርስዎ በሚቀርበው ዓይን ላይ ይሁን። ብርሃን ካነሰ አይ.ኤስ.ኦ.ውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን፣ ከፍ ለማድረግ አይሥጉ፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ አይድንም፣ ትንሽ ሸከር ያለ ግን ያምራል። በስልክ ሲሆን በተከታታይ ያንሱ። ሳቁ ሲያልቅም ወዲያው አያቁሙ፤ ከሳቅ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሰከንዶች ፊት ይለሰልሳል። ብዙ የምወዳቸው ፎቶዎች የዚያች ቅጽበት ናቸው። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ልጁ ከሰለቸ ለሌላ ቀን ይተዉት።

ከዚያ በኋላ

ከመቶው ፎቶ አምስቱን ብቻ ያስቀምጡ። ቆዳውን በፕሮግራም አያለስልሱት፤ የጉልበቱ ጭረትና የወለቀው የወተት ጥርሱ የዚያ ዓመት ምልክቶች ናቸው። የሌላ ሰው ልጅ ከሆነ ወላጁ ሳይፈቅድ ኢንተርኔት ላይ አያውጡ። የራስዎም ቢሆን የትምህርት ቤቱ ስም ያለበት የደንብ ልብስና የቤት ቁጥር የሚታይበትን ፎቶ ይተዉት፤ ልጁንም ይጠይቁት።

አንዱን ግን ያሳትሙ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልም። በጀርባው ላይ ብዕሩን ሳይጫኑ ቀኑን፣ ዕድሜውንና ምን ያደርግ እንደነበር ይጻፉ። በአያቷ ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ጀርባ «መስከረም 1፣ አምስት ዓመቷ፣ አበባ ስትቆጥር» ይላል።