ከ60 በፊት ጡረታ ለወጣችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በደንቡ 60 ላይ ነው። ከዚያ ቀድሞ የወጣ ሰው ደሴ ውስጥ ሰው ያደናግራል። አልታመመ፣ አላረጀ፣ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፒያሳ ቆሞ ይታያል። ያገኘው ሁሉ «ምነው፣ ፈቃድ ላይ ነህ እንዴ?» ይለዋል። ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ ያዙ። ማብራራት ከጀመራችሁ ምክር ይዘንብባችኋል።

እኔ የማምንበትን ልንገራችሁ። ጊዜ ማሳለፊያ አትፈልጉ፤ ጊዜማ ዝም ብትሉትም ያልፋል። የሚያስፈልጋችሁ፣ አንድ ቀን ስትቀሩ «ዛሬ ምነው ጠፋህ?» ብሎ የሚደውል ሰው ያለበት ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤት ከደመወዝ ሌላ ይሰጠን የነበረው ይሄንን ነበር፣ ልብ አላልነውም እንጂ።

መጀመሪያ የማይደረገውን እንጨርስ። ፕሮቪደንት ፈንድ (በሥራ ዘመን የተጠራቀመ ቁጠባ) ወይም ሌላ ጠቅለል ያለ ብር እጃችሁ ከገባ ለጥቂት ወራት አትንኩት። «ባጃጅ ግዛና ለሹፌር ስጥ፣ ማታ ማታ ገቢህን መቀበል ነው» የሚል አማካሪ አይጠፋም። ማታ የሚመጣው ግን ገቢ ብቻ አይደለም። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ትራፊክ የያዘው መንጃ ፈቃድ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ሰው የለም» የሚለውም አብሮ ይመጣል። ንግድ የሚወድ ይነግድ፣ እሰየው። ሥራ ፈት ላለመባል ብሎ ሱቅ የሚከፍት ሰው ግን ብሩንም ቀኑንም ነው የሚያጣው።

ሁለተኛው ዘመድ ነው። «አንተ እንግዲህ ሥራ የለህም» ብለው ቀበሌ ጉዳይ ያስጨርሷችኋል፣ ወረፋ ያስይዟችኋል፣ አስከሬን ሸኝተህ ና ይሏችኋል። የሚገባውን እርዱ። በሳምንት ሁለት ቀን ግን «ማክሰኞና ሐሙስ አይመቸኝም» በሉና ምክንያት አትስጡ። ምክንያት ከሰጣችሁ ይከራከሯችኋል።

አሁን ወደሚደረገው። ከቅርቡ ልጀምር፦ ቅሬ፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር። ለዓመታት መዋጮ ከፍላችሁ፣ በሥራ ሰበብ ግን ድንኳን ተከላ ላይ ያልተገኛችሁበት ቅሬ አለ አይደል? እዚያ ሂዱ። ከአንድ ስብሰባ በኋላ ጸሐፊ ሊያደርጓችሁ ይሞክራሉ፣ ምክንያቱም ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ጊዜም ያለው ሰው እንደ እናንተ አያገኙም። ሹመቱን ለጊዜው እለፉትና አንድ ሥራ ብቻ ውሰዱ፦ መዝገቡን ማጥራት። የብዙ ቅሬ መዝገብ የተቀዳደደ ደብተር ነው። የሞተ ሰው ስሙ አልተሰረዘም፣ የአባቱን ቦታ የተካው ልጅ በአባቱ ስም ይከፍላል፣ ስንት ወንበርና ስንት ድስት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ እሱም በቃሉ። ቤት ለቤት እየዞራችሁ ስም ስትመዘግቡ ቡና ትጠጣላችሁ፣ ለሰላሳ ዓመት በሰላምታ ብቻ ያለፋችሁትን ጎረቤት ትተዋወቃላችሁ።

ኮምቦልቻ ከሆናችሁና እጃችሁ ሙያ ያውቅ ከነበረ ዕድለኞች ናችሁ። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም ማሽን የሚነካ እጅ ይፈልጋሉ፣ ወጣቱ ደግሞ ከወረቀት አልፎ ተግባር የሚያሳየው ይፈልጋል። እዚያው ያለ የሙያ ኮሌጅ ሄዳችሁ «በሳምንት ግማሽ ቀን ወርክሾፕ ውስጥ ላግዝ» በሉ። ደብዳቤ ጻፉ፣ የምትችሉትን ዘርዝሩ፣ ክፍያ አታንሱ። ቢሮ ስትሠሩ የነበራችሁ ደግሞ ተማሪ አስጠኑ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ የሚያስረዳ ሰው በየሰፈሩ ይፈለጋል። ከሦስትና ከአራት ልጅ አትለፉ። ሃያ ልጅ ከሰበሰባችሁ ሌላ መሥሪያ ቤት ከፈታችሁ ማለት ነው።

ግቢ ያላችሁ ትከሉ። እዚህ ላይ የሁለቱ ከተማ ነገር ይለያያል፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ፣ ኮቱም እዚያው ይወልቃል። ለደሴ ብርድ አፕል ይስማማል፤ የተዳቀለ ችግኝ፣ በአንድ ጊዜ የሚያብቡ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ግዙ፣ አንዱ ብቻውን ፍሬው ያንሳል። ኮምቦልቻ ላይ ፓፓያ ጀምሩ፣ ዓመት ገደማ ቆይቶ ያፈራልና ተስፋ አያስቆርጥም። በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ፍሬ ዝሩ። ሲያብብ ጠጋ ብላችሁ እዩ፦ አበባው በረጅም ዘንግ ተንጠልጥሎ ከወረደ ወንድ ነው፣ ግንዱ ላይ ተጣብቆ ከወጣ ሴት ነው። ወንዱን ነቅላችሁ ለግቢው አንድ ብቻ አስቀሩ። ይሄ ፍተሻ ብቻውን ስንት ጠዋት እንደሚያስደስት ያላየ አያውቅም።

ሌላው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው፣ ሽማግሌ መቅዳት ነው። የ1966ቱን ድርቅ በልጅነቱ ያየ ሰው አሁን ወደ 70 ተጠግቷል። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 በጣሊያን አውሮፕላን ስትደበደብ ያየማ የቀረ ካለ ጥቂት ነው፣ ከአባቱ የሰማ ግን አለ። ስልካችሁን አውጡና ቅዱ። «ሕይወትዎን ይንገሩኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኖርን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይዘጉታል። ትንሽ ነገር ጠይቁ። «ሰኞ ገበያ በቅሎ የት ይታሰር ነበር?» «የዚያን ዓመት እህል ከየት መጣ?» ካላችሁ በኋላ ዝም በሉ። ከጨረሳችሁ የሰውየውን ስምና ቀኑን በድምፃችሁ ተናገሩ፣ ፋይሉንም ለልጆቻቸው ላኩ። እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት ካልመጣችሁ «ምነው ቀረህ?» የሚሏችሁ እሳቸው ናቸው።

ከሰዓቱን ተጠንቀቁበት። ጠዋት ራሱን ይሞላል፤ የሚከብደው ከምሳ በኋላ ነው፣ እዚያ ሰዓት ላይ ደግሞ በርጫ ይጠራችኋል። ስለ ጫት አልሰብክም። ግን ሠራተኛ እያላችሁ ቅዳሜ ብቻ የነበረው፣ ጡረታ ላይ «ና ተመለስ» የሚል አለቃ ስለሌለ በየቀኑ ይሆናል። ስለዚህ ማስጠናቱንም ወርክሾፑንም 8 ሰዓት ላይ አድርጉት። ከከተማ መውጣት ሲያምራችሁ በሥራ ቀን ሂዱ፣ ጸጥ ያለ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ግን ሴት አያስገባም። የጦሳን ተራራ የምትወጡ ጉም ሳይወርድ በጠዋት ውጡ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ።

የቤት ነገር ቀረ። ወንዶች፣ ቀን ቀን ቤት የሚያስተዳድረው ሌላ ሰው እንደነበር አትርሱ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የቅመም መደርደሪያ ማስተካከል አትጀምሩ። ለሴቶች ነገሩ ይገለበጣል። «እንኳን ቤት ገባሽ» ይሉና የልጅ ልጅ ያስረክቧችኋል። ልጁን እቀፉት፣ ግን ከመቀበላችሁ በፊት ማን በስንት ሰዓት እንደሚወስደው ተነጋገሩ።