ከቱሉ ዲምቱ ሆናችሁ ለውጭ ሚዲያ ዘጋቢ ለመሆን እንዴት ትለማመዳላችሁ

መጀመሪያ ከሰፈራችሁ ጀምሩ። እኔ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰው ስለ ቤት ኪራይ ስለ ዘይት ዋጋ የሚያወራውን እሰማና ማታ አዲስ አበባን ረግጦ ለማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርጌ በ200 ቃል በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ፣ በየቀኑ ነው ደሞ።

ሰዓትና ዓመት ላይ በጣም ተጠንቀቁ በናታችሁ! የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለነሱ 9 ሰዓት ነው፣ በጂኤምቲ ማለትም በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ደሞ 6፣ አንድ እናት «በ2010 ነው እዚህ የገባሁት» ካሏችሁ በነሱ አቆጣጠር 2017 ወይ 2018 ሊሆን ይችላል ስለዚህ ወሩንም ጠይቋቸው።

ብዙዎች ስትሪንገር ሆነው ነው የሚጀምሩት፣ ማለትም በሰሩት ዜና ልክ ይከፈላቸዋል። የአፍሪካ ህብረት እዚሁ ከተማችን ስለሆነ መግለጫዎቹን እያነበባችሁ በሶስት መስመር ማሳጠር ተለማመዱ። ስሜ አይውጣ ያላችሁን ሰው ስም ግን ስልካችሁ ላይ እንኳን እንዳትጽፉ።